ሁለተኛው ቅምሻ

«ብርዝ ሁለቴ የሚቀምስ ጀማሪ ነው! እኔ ትናንት ማታ አንዴ ቀመስኩ፣ አለቀ። ከቀሐ እስከ አንገረብ ዞራችሁ የኔን የሚያህል ብርዝ ካገኛችሁ ጸጉሬን ተላጭቼ እመነኩሳለሁ!»

ሐረገወይን ይህን የጮኸችው ገንቦውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ገበያ የደረሰው አፏ ነበር፤ እግሯ ገና ኋላ ቀርቶ ከጭቃው ጋር ይታገላል።

«ብትመነኩሺ እኔን የሚያሳዝነኝ ገዳሙ ነው» አለች ራቢዓ፣ ዓይኗን ከሚፈላው ዘይት ሳታነሣ።

አዲስ ዓለም፣ የጎንደር እስላሞች ሰፈር፣ በረመዳን ሲመሽ ሌላ ከተማ ይሆናል። ያ ጣሊያን ከወጣ ስድስተኛው ክረምት ነበር። ረመዳኑ ነሐሴን ነክቶ ከክርስቲያኖቹ ፍልሰታ ጋር ተደራርቧል። ቀን ቀን ዝናቡና ጾሙ አብረው ሰዉን ቤቱ ያስቀምጡታል። ወደ ማታ ግን ገበያው ከጭቃው ውስጥ ብድግ ይላል። ጣሊያን ጥሎት በሄደ የቤንዚን በርሜል ፍም ይቀጣጠላል፤ የደምቢያ በቆሎ እሸት ይንጣጣል፤ የምስር ሳምቡሳ ይንጨረጨራል፤ በግመል ከሱዳን የመጣ ተምር ከጆንያ ይዘረገፋል፤ ኩራዙ ተራ በተራ ይለኮሳል። ሁሉም ይገዛል፣ ሁሉም ያሸታል፣ ማንም አይቀምስም። ትኩስ ሳምቡሳ በእጁ ይዞ አዛን የሚጠብቅ ሰው ፊት ያየ፣ ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጠብ ምን እንደሆነም ያውቃል፤ የተራበ ሰው ገበያ ነውና «ምነው ገፋኸኝ» ለማለት ሰበብ የሚያጣ የለም።

ከጠቡ ሁሉ የከፋው ደግሞ የጣራ ጠብ ነው። የአያ ዐብደላ ሱቅ ቆርቆሮ ከግድግዳው ርቆ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ከሥሩ ዝናብ አይደርስም። እዚያ ሥር የአያ ዐብደላ የተምር ጆንያ፣ የራቢዓ መጥበሻ፣ ከእሷ ጎን ደግሞ የሐረገወይን የብርዝ ገንቦ ይቀመጣሉ። ራቢዓ የአያ ዐብደላ የወንድም ልጅ ናት። የእናቷ የሾርባ ድስት ግን ከጣራው ውጭ፣ ዝናብ ላይ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ነው የሚያመሸው። አጎቷ የገዛ ዘመዳቸውን ውጭ ትተው የጠጅ ሻጭ ልጅ ከጣራ ሥር ለምን እንዳስገቡ ራቢዓ አልገባትም። ሊገባትም አልፈለገችም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የረመዳኑ ዋዜማ ሐረገወይን አንድ ኩባያ ብርዝ ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች። አያ ዐብደላ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ብርዝሽ ሸጋ ነው» አሉ። «ግን እናትሽ ጠጅ ትጥላለች።»

«እናቴ እንጂ እኔ አልጥልም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከንጋት ጀምሮ የጾመ ሰው አፉን የሚከፍተው በኔ ጣራ ሥር ነው። ገንቦሽ አዲስ ይሁን፣ ጠጅ ያላየ። አንድ ቀን የጠጅ ዕቃ ይዘሽ የመጣሽ እንደሁ ይህን ጣራ አታዪውም።»

«በማርያም፣ አያ ዐብደላ! ወለቃ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ወርጄ ገና ከእሳት የወጣ ነው የምገዛ።»

ወርዳም ገዛች፤ ቀይ፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ ገንቦ።

ራቢዓ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ሐረገወይን ያን ጣራ የምትፈልገው ለዝናቡ ብቻ አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ሽታዬ ከፒያሳ በታች ጠጅ ቤት አላት። ሐረገወይንን ከሦስተኛ ክፍል ያስወጣቻት ብርሌ እንድታቀርብ ነው። እዚያ ሃምሳ አለቃ በላቸው የሚባል ሰው አለ፤ ብርሌውን ተቀበል ሲሉት የሚቀበለው ክንድ ነው። አንድ ማታ ሐረገወይን ሙሉውን ብርሌ ጭኑ ላይ ገለበጠችለት። እናቷ በጥፊ አጮለቻትና ሲበርድላት እንዲህ አለች፦

«እንዲህ ከኮራሽ ክረምቱን በራስሽ ሥራ ኑሪ። ገበያው የተፋሽ ዕለት ግን ትመለሻለሽ። ተመልሰሽም መጀመሪያ የምታቀርቢው ለሃምሳ አለቃው ነው፣ ከነይቅርታሽ።»

ስለዚህ ጣራው ለሌላው ሰው ጣራ ነው፤ ለሐረገወይን ግን ከሃምሳ አለቃው እጅ የሚለያት ግድግዳ ነበር።

ገንቦውን አውርዳ ከድንጋዩ ላይ አስደገፈችው። ራቢዓ አሁን ዓይኗን አነሣች።

«ዛሬ ምነው ገንቦሽ ጠቆረ?»

«ዝናብ መትቶት።»

«ዝናብ ሸክላ ያጠቁራል? እንዲያ ቢሆን ጎንደር ሁሉ ከሰል ሆኖ ነበር።»

«አንቺ ሳምቡሳሽን ጥበሺ። ጠርዙ እንደ ጥርስ የለሽ አፍ ተከፍቶ ምስሩ እየሸሸ ነው።»

በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ሳቁ። ራቢዓ አልሳቀችም። በርሜሉን በእግሯ እየገፋች ወደ ሐረገወይን አስጠጋችው፤ ጢሱ ፊቷ ላይ፣ ሙቀቱ ገንቦው ላይ ተነፈሰ።

«እሳትሽን አርቂልኝ።»

«ቦታው የአጎቴ ነው። ካልተመቸሽ ውጭው ሰፊ ነው፤ እናቴ ታስጠጋሻለች።»

ሐረገወይን የምትመልሰው አጥታ አልነበረም። ስለ ገንቦው ብዙ ወሬ እንዳይነሣ ፈርታ ግን ዋጥ አደረገችው።

የወለቃው ገንቦ የለም። ትናንት ወደ ቤት ስትመለስ ዳገቱ ላይ የሰፈር ልጃገረዶች አየችና «እዩኝ፣ በአንድ እጄ!» ብላ ከራሷ በላይ አነሣችው። እጇ ቻለው፤ እግሯ ግን ጭቃው ላይ ከዳት። ስብርባሪውን ቁልቋል ሥር ደበቀች። ወለቃ ለመውረድ መሽቷል። ከእናቷ ጓዳ አንድ ገንቦ አወጣች። መዳፏ አረንጓዴ እስኪሆን በግራዋ አሸችው፣ ደግማ አጠበችው፣ በወይራ አጠነችው። እናቷ ዕቃ ልትዋስ ለምትመጣ ጎረቤት ሁሉ «ሸክላ የጠጣውን አይረሳም» ትላለች። ሐረገወይን ግን በልቧ፣ ሸክላ ትምህርት ቤት አልገባ፣ ምን ያስታውሳል፣ አለች። ማሩን በጠበጠች፣ አጠለለች፣ ቀመሰች። ጣፋጭ ነበር። አፉን በጨርቅ አስራ፣ ብርድ እንዳይመታው ከምድጃው ጥግ አሳደረችው። በማግስቱ ፍልሰታ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ዋለች። ከዚያ ሽሮዋን በጥድፊያ ጎርሳ ገንቦውን አዝላ ወጣች። ደግሞ መቅመስ? እሷ ጀማሪ ናት እንዴ!

ገበያ ከደረሱ በኋላ ደግሞ መቅመስ አይቻልም፤ ምላለቻ። በረመዳኑ የመጀመሪያ ማታ ገዢ ለመጥራት ብላ ሰዉ ሁሉ ፊት አንድ ኩባያ ግጥም አድርጋ ጠጥታ ነበር። ያኔ ራቢዓ «በጾመኛ ፊት ትጋታለች! አስተዳደጓን እዩ!» ብላ ገበያውን ሰበሰበችባት። ሐረገወይንም ደሟ ፈልቶ «አዛን ሳይባል በዚህ ገበያ ጠብታ ከቀመስኩ ማርያም አትማረኝ!» አለች። ከዚያ ወዲህ አፏ ለወሬ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ። አያ ዐብደላ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ወደ ኩራዙ አስጠጉና «ቀርቧል» አሉ። ያኔ ሰዉ ሁሉ ወደ ጣራው ተገፋ። የአዲስ ዓለም ደንብ፣ ኩባያው ከአዛኑ በፊት ይሞላል። ሁሉም የሞላ ኩባያውን ይዞ ይጠብቅና ድምፁ ሲሰማ አንድ ላይ ይጠጣል።

«አትግፋ፣ አንተ!»

«ማን ገፋህ? ዝናቡን ገፋኝ በለው!»

«ልጅቱ ዛሬ ምን ሆና ነው? ቅጂ እንጂ!»

ከፊት የቆሙት እንደ ሁልጊዜው ሸህ ዐብዱረሕማን ናቸው። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ የገዛ ዋንጫቸውን ይዘው የሚመጡ ሽማግሌ። ከሐረገወይን ገዢዎች ሁሉ አንድም ቀን ያልተቆጧት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐረገወይን የገንቦውን ጨርቅ ልትፈታ ጎንበስ አለች። ጨርቁ ተነፍቷል። ስትፈታው ገንቦው ሹክ አለ፤ እንደ ሰው፣ እንደ ሐሜተኛ። አፉ ላይ ነጭ አረፋ ተሰብስቧል።

አረፋውን በጣቷ ጠርጋ ቀዳች። የሸህ ዐብዱረሕማን ዋንጫ ሞላ። በኩራዙ ብርሃን አየችው፤ ከዋንጫው ግርጌ ጥቃቅን ዕንቁዎች እየተከታተሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። በጠጅ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቃል።

ጆሮዋ ጋለ። ዙሪያዋን ተመለከተች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መቅመስ የሚችል አፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የማለው ያ አፍ ነው።

ምናልባት ምንም አይደል፣ አለች በልቧ። ቢሆንስ? ጠጅ ጠጥተው የማያውቁ ሰዎች ጠጅን በምን ያውቁታል? እንዲያውም «ዛሬ ምን ጨመርሽበት፣ ሞቅ ያደርጋል» ብለው ያመሰግኗታል። ነገ ወለቃ ትወርዳለች፣ አዲስ ገንቦ ትገዛለች፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ብትናገር ግን የራቢዓ እናት ድስት ዛሬውኑ ከጣራ ሥር ይገባል። እሷም የሃምሳ አለቃ በላቸውን እጅ ክንዷ ላይ ታገኘዋለች።

«ምነው ቆምሽ፣ ልጄ?» አሉ ሸህ ዐብዱረሕማን። «ኧረ ጉሮሮዬ ደርቋል። ቀኑን ሙሉ ያንቺን ብርዝ እያሰብኩ ነው የዋልኩ፤ አላህ ይማረኝ፣ ከዱዓዬ መካከል እንኳ ሁለቴ ገብቶብኛል።»

ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሐረገወይን ዋንጫውን ከእጃቸው ነጥቃ ጎነጨች።

ገበያው ፈነዳ።

«ኧረ በሕግ! ከሽማግሌ እጅ ነጥቃ ጠጣች!»

«አዛን ሳይባል!»

«ማርያም አትማረኝ ብላ የማለች!» ራቢዓ ወንፊት ማንኪያዋን እንደ ጎራዴ አነሣች። «አላልኳችሁም? አጎቴ፣ አላልኩም? የጠጅ ሻጭ ልጅ ምን ትሆናለች!»

ብርዙ ምላሷን ወጋት። ከጣፋጩ ሥር አንድ ስለት፣ ከስለቱ ሥር የእናቷ ጓዳ፣ ጌሾው፣ ብርሌው፣ የሰካራሞቹ ትንፋሽ። ገና ልጅ ጠጅ ነው፤ ግን ጠጅ ነው።

ተጨማሪ አላሰበችም፤ ብታስብ እንደማታደርገው አውቃ ይሆናል። ዋንጫውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ፣ ገንቦውን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ጎርፉ ገለበጠችው። ወርቅ የመሰለው ውኃ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ በሰዉ እግር መካከል ቁልቁል ወረደ። ሰዎች ጫማቸውን እያነሡ ዘለሉ።

«አብዳለች!»

«ኩባያዬን! እኔስ ምን ልጠጣ ነው?»

አያ ዐብደላ ከተምሩ ጆንያ ጀርባ ወጡ። አልጮኹም፤ እሱ ነው የባሰው።

«ምን ሆነ?»

«መፍላት ጀምሯል» አለች ሐረገወይን። «ሊጠጣ አይገባም።»

«ብርዝ በአንድ ሌሊት መፍላት አይጀምርም። ገንቦው የማን ነው?»

«አጥቤዋለሁ፣ አያ ዐብደላ። በግራዋ ሁለት ጊዜ...»

«መታጠቡን አልጠየቅኩሽም።»

ሐረገወይን ዓይኗን ወደ ባዶው ገንቦ ጣለች።

«የእናቴ ነው» አለች። «የኔው ትናንት ተሰበረ።»

«እንዴት?»

«በአንድ እጄ ይዤው።»

«ድሮስ!» አለች ራቢዓ። «ሐረገወይን የምትባል ብርዝ ትሸጣለች ብሎ ያመነ ማን ነው? ስሟ ራሱ ያሰክራል!»

ያን ጊዜ አዛኑ ከመስጊዱ በኩል በዝናቡ መካከል ተሰማ። ሰዉ ተነፈሰ። የራቢዓ እናት ከድስቷ አጠገብ ያለውን የውኃ እንስራ አንሥታ ለሁሉም በየኩባያው ቀዳች። ከሸህ ዐብዱረሕማን ዋንጫ የቀረውን ደፍታ፣ አጥባ ውኃ ሞላችላቸው። አንዱ ሳያይ፣ አንዱ አይቶ፣ ሐረገወይንን በትከሻው እየገፋ ከጣራው ሥር አስወጣት። ተምር ተበላ፤ ሳምቡሳ ተሰበረ፤ እንፋሎቱ ወጣ። ገበያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማኘክ ሲጀምር የሚሰማው ድምፅ አለ፤ እንደ ከብት በረት ነው፣ ሰላም ነው። ሐረገወይን ሁልጊዜ ያን ድምፅ ትወደው ነበር። አሁን ከውጭ ሆና፣ ነጠላዋ ራሷ ላይ ተጣብቆ ሰማችው።

አያ ዐብደላ ሦስተኛ ተምራቸውን ውጠው ፍሬውን ተፉ።

«ነይ እዚህ» አሉ። ቀረበች፤ ከጣራው ጠርዝ ግን አላለፈችም። «ቃልሽን አፍርሰሻል። ጣራው ከዛሬ ጀምሮ የራቢዓ እናት ነው።»

«እሺ።»

«ብርዝ መሸጥ ከፈለግሽ ውጭውን አልከለክልሽም። ዝናብ ላይ ቁሚ። ገንቦው አዲስ ይሁን። አዛን ሊቃረብ ሲል እኔ ፊት ትቀምሺዋለሽ።»

«ግን ምያለሁ...»

«መሐላሽን እንደ ገንቦሽ ሰብረሽዋል። ለቄስሽ ንገሪ፤ ለኔ አይደለም።»

ሸህ ዐብዱረሕማን ውኃቸውን እየጠጡ «ብርዙ ግን ያሳዝናል» አሉ።

የራቢዓ እናት ድስቷን ተሸክማ ከጣራው ሥር ገባች። ሐረገወይን ባዶውን ገንቦ አነሣች። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ወደ ፒያሳ ነው፤ ወደ ጠጅ ቤቱ፣ ወደ ሃምሳ አለቃው። አየችውና ተመለሰች። የጣራው ጠፈጠፍ ከሚወርድበት እልፍ ብላ፣ ድስቱ ከተነሣበት ቦታ ጭቃውን በእግሯ ደለደለች። ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎትታ አመጣችና እዚያ ላይ ተከለችው፤ ለነገው ገንቦ ማስቀመጫ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ራቢዓ።

«ቦታዬን እየያዝኩ። ነገ ቀድሞኝ የሚቀመጥ አለ ብዬ ነው።»

«ዝናብ ላይ ማን ይሻማሻል? እንቁራሪት?»

«ቢሆን ከአንቺ ይሻለኛል፤ እሷ እሳት አታስጠጋብኝም።»

ራቢዓ ከመጥበሻው ጠርዝ ላይ የቀረውን አንድ ሳምቡሳ አየች፤ አንድ ጎኑ አርሮ ጠቁሯል። አንሥታ በበቆሎ ሽፋን ጠቅልላ ወረወረችላት።

«እንኪ። ምስር ነው፤ የናንተንም ጾም አይነካ። ያረረው ነው፤ ደግ የሆንኩ እንዳይመስልሽ።»

ሐረገወይን ረመዳኑ ከገባ ጀምሮ ያን ሳምቡሳ በዓይኗ ስትበላው ነው የከረመችው፤ ለመጠየቅ ግን ኩራቷ አልፈቀደላትም። አሁን ዝናብ ላይ ቆማ ገመጠችው። ሙቀቱ አፏን አቃጠላት፤ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ያረረው ጠርዝ እንኳ ሳይቀር ይጣፍጣል። ሆዷ ሞቅ ሲላት አፏም ነፍስ ዘራ። አገጯን ቀና አደረገች፤ ከጣራው ሥር ያሉት ሁሉ እንዲሰሙም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ያም ሆነ ይህ እኔ ባልኖር ኖሮ ዛሬ ይህ ገበያ በሙሉ ሰክሮ ያድር ነበር!»

ራቢዓ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ዞረች።

«አንቺ ባትኖሪ ጠጁን ማን ያመጣው ነበር?»